ቀድማ የምትገባው በግ

እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም፤ ሰው ነው የሚያጠራጥረኝ። ይህን ስል ባለቤቴ ይስቃል። ይሳቅ። የሱ ሥራ ድርቆሽ መጫንና አጥር መጠገን ነው፤ አጥር አይዋሽም። የኔ ሥራ ግን ወተት ነው። ወተት ደግሞ ሰው የደበቀውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። በጊቱ ምን እንደበላች፣ አላቢዋ እጇን ታጥባ እንደሆነ፣ ታንኩ በደንብ ተፈግፍጎ እንደሆነ፣ እኔ ጋ ሲደርስ አንድ በአንድ ይዘከዝከዋል። ታዲያ ወተቱ እየነገረኝ እንዴት ዝም ልበል?

የዚያን ሰሞን ወተቱ አልኮመጥጥ አለኝ። የምሠራው ፎርማጆ ነው፤ ከበግ ወተት፣ ክብ ክቡን፣ መደርደሪያ ላይ ወራት የሚቆየውን። ወተቱን አሞቃለሁ፣ እርሾ እጨምራለሁ፣ እጠብቃለሁ። እርሾው ሥራውን ሲሠራ ወተቱ ኮምጠጥ ይላል። ያን ቀን ጠበቅኩ፣ ቀመስኩ፤ እንደ ሕፃን ጡጦ ጣፋጭ ነው። ደግሜ ጠበቅኩ፤ ያው ጣፋጭ። እርሾው ሞቶ ይሆናል ብዬ አዲስ ከፈትኩ። በማግስቱም ያው ሆነ። በግድ ጨምቄ ቅርጽ ያስያዝኳቸው ደግሞ መደርደሪያው ላይ እንዳሉ ተነፋፉ። አንዱን ብቆርጠው ውስጡ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኗል፤ ሽታውስ አያድርስ ነው። ላቤን አፍስሼ የሠራሁትን በባልዲ እየተሸከምኩ ስደፋ አንጀቴ ቅጥል አለ።

እርሾን እንዲህ የሚገድል ነገር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። መድኃኒት ነው። አንቲባዮቲክ የተወጋች በግ ለተወሰኑ ቀናት ወተቷ ውስጥ መድኃኒቱ አለ፤ የሷን እግር የሚያድነው መርፌ የኔን እርሾ ድራሹን ያጠፋዋል። ለዚህም ነው በቤታችን ሕግ ያለው።

ሕጉን ያወጡት አማቼ፣ የባለቤቴ አባት ናቸው። መንጋውን ከጥቂት በጎች ተነስተው እዚህ ያደረሱት እሳቸው ስለሆኑ ቃላቸው ቃል ነው። ዝናብ ሲከርም የጉረኖው በር ጭቃ ይሆናል፤ በጎቹ ጭቃ ውስጥ ሲቆሙ ሰኮናቸው መሀል ይላጣል፣ ይቀላል፣ ኋላም ሰኮናው ከሥጋው እየተላቀቀ ይሸታል። አንዷ ከያዛት ሌላዋም አትቀርም፤ ይጋባል። የታመመችው ታነክሳለች፤ ሲብስባት በፊት ጉልበቶቿ ተንበርክካ ትግጣለች። ያነከሰች በግ እንደልቧ አትበላም፣ ያልበላች ደግሞ ወተት የላትም። ስለዚህ አንዲት በግ ስታነክስ የታየች ዕለት ትያዛለች፣ እግሯ ይታጠባል፣ ወይንጠጅ ቀለም ያለው መድኃኒት ይረጭበታል፣ መርፌ ትወጋለች፣ የኋላ እግሯ ላይም ቀይ ላስቲክ ይታሰርላታል። የቀይ ላስቲክ ወተት ታንክ አይገባም፤ በባልዲ ለብቻው ታልቦ ይደፋል። ለሦስተኛ ጊዜ ያነከሰች በግ ግን ላስቲክም አታገኝም፤ የሥጋ መኪና ሲመጣ ትጫናለች። አማቼ አንድ ክፉ ዓመት ግማሹ መንጋ በጉልበቱ ሲሄድ አይተው ነው ይህን ያሉት። “ለአንዷ ስታዝኑ ሌላዋን ታስነክሷታላችሁ” ይላሉ፣ እጃቸውን እያራገፉ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ወተቱን የምታልበው ጭምቷ ናት። ስም አላት እንግዲህ፤ ግን ከመጣች ጀምሮ ሁላችንም ጭምቷ ነው የምንላት፣ ከሰላምታ የተረፈ ቃል ከአፏ ስለማይወጣ። ከማለቢያው ክፍል ጋር በግድግዳ የተያያዘች አንዲት ክፍል ተሰጥታት ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናትየው ደጋፊ ካላገኙ ከአልጋ አይወርዱም። አልጋቸው መስኮቱ ስር ነው፤ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር በመጋረጃው ጥግ ነጭ ሻሻቸው ይታየኛል። ሥራው ከቀረ ክፍሉም ይቀራል፤ ይህን እሷም እኛም እናውቃለን። ያቺን አሮጊት ተሸክማ የምትሄድበት ሌላ ቤት እንደሌላትም እናውቃለን።

ታዲያ ማንን ልጠርጥር? በጎቹን የምታልብ እሷ፣ መርፌ የምትወጋ እሷ፣ የመድኃኒቱ ፍሪጅ ቁልፍ በአንገቷ የተንጠለጠለ እሷ። ዓይኔን ጣልኩባት።

መጀመሪያ ቀይ ላስቲክ ያሰሩትን አየሁ። ሁሉም በቦታቸው አሉ፤ ወተታቸው በባልዲ ይታለባል፣ ባልዲው ይደፋል። በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ ሳያት ከረምኩ። አንድም ስህተት የለም! ይሄ ራሱ አጠራጠረኝ። ሰው እንዴት አንድም ቀን አይሳሳትም?

“ደህና አደርሽ እትዬ” አለችኝ አንድ ጠዋት፣ ከስንጥቁ ወዲያ ሆና፣ ዞር እንኳ ሳትል።

ደንግጬ ባልዲ ረገጥኩ።

ቀጥዬ ፍሪጁን አስከፍቼ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አሰመርኩ። ማንም ሳላየው ከቀዳበት መስመሩ ይነግረኛል ብዬ ነው። በነጋታው ሄጄ አየሁት፤ ፈሳሹ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በኋላም ጠብታ አልጎደለም። ወተቴ ግን ያው ጣፋጭ ነው።

“ውሃ ትጨምርበታለች” አልኩት ባለቤቴን።

“ቢጎድልም ሌባ፣ ባይጎድልም ሌባ?” አለኝ እየሳቀ። “ይቺ ሴትዮ በምን በኩል ትዳን?”

“አንተ ሳቅ። የምደፋው እኔ ነኝ።”

አማቼ ከጥግ ሆነው ሰሙን። አሁን ሳስበው ጫማቸውን እያሰሩ ነበር፤ ቀና አላሉም። “ይጣራ” አሉ። “ያጠፋ ሰው ካለ ይውጣ። ማንም ይሁን ማን።” ልቤ ሞላ። እኚህ ሰው ከጎኔ ናቸው፣ አልኩ።

እንግዲህ በጎቹን ራሳቸውን ልጠይቅ ተነሳሁ። የማርማላታ ጠርሙሶች ሰበሰብኩ፤ ከቤት፣ ከጎረቤት፣ ከየትም። ጭምቷን “ዛሬ እኔ አብሬሽ አልባለሁ” አልኳት። ቦታ ለቀቀችልኝ። ማለቢያው እንዲህ ነው፤ እኛ ጉድጓዱ ውስጥ እንቆማለን፣ በጎቹ ከፍ ባለው መድረክ ላይ በረድፍ ይቆማሉ፣ ጡታቸው ደረታችን ትክክል ይሆናል። ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ከእያንዳንዷ ትንሽ ትንሽ በእጄ እያለብኩ በየጠርሙሱ ቀዳሁ፣ የጆሮ ቁጥሯንም በፕላስተር ለጠፍኩበት። ጭምቷ በጎን እያየችኝ “ለምንድነው?” ትለኛለች ብዬ ብጠብቅ፣ ወይ ፍንክች! ንጹሕ ሰው አይጠይቅም እንዴ? አልኩ በሆዴ።

በየጠርሙሱ ማንኪያ ማንኪያ እርጎ ጨምሬ፣ ሙቅ ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ አቁሜ፣ በጨርቅ ሸፈንኩት። መድኃኒት የሌለበት ወተት እንዲያ ሲደረግ ራሱ እርጎ ይሆናል። መድኃኒት ያለበት እንዳለ ይቀራል። ሰዓቱ ሲደርስ ጨርቁን ገልጬ ጠርሙሶቹን እያነሳሁ ዘንበል አደረግኳቸው። ረግቷል። ረግቷል። ይሄም ረግቷል። ላስቲክ ካሰሩት በስተቀር ሁሉም እየረጋ ሲሄድ አየሁ፤ ወይ ጉድ፣ ያለ ነገር ነው እንዴ ሰው የጠረጠርኩት? ከዚያ አንዱን ዘንበል ሳደርገው ወተቱ እንደ ውሃ ተንሸራቶ አፉ ድረስ መጣ። ቁጥሩን አነበብኩ። ማመን ስላቃተኝ ደግሜ አነበብኩ።

ወይዘሮ ነበረች።

ወይዘሮን ያላወቀ መንጋችንን አያውቅም። ግልገል እያለች እናቷ ሞታባት ሟች አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ወጥ ቤት ውስጥ በጡጦ ያሳደጓት ናት፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ የቤቱ እመቤት እሷ የሆነች ይመስላታል። በየጠዋቱ የማለቢያው በር ሲከፈት ቀድማ የምትገባው ወይዘሮ ናት። ሌላው እሷን ተከትሎ ይገባል። እሷ ካልገባች ማንም አይገባም፤ እያንዳንዷን መግፋት ነው። ማንም ደግሞ ወይዘሮ ታነክሳለች ብሎ አይጠረጥርም። የታመመ እግር ያላት በግ ኋላ ትቀራለች፣ እኛም የምናየው ኋላ የቀረውን ነው። ፊት ያለውን ማን ያያል?

ግን ሁለት ጊዜ አንክሳ ላስቲክ ታስሮላት ነበር። አንዴ አምና፣ አንዴ በዚህ ዝናብ መግቢያ።

ሄጄ ጉረኖው ውስጥ ያዝኳትና እግሯን አነሳሁ። የፊት ቀኝ። ከሌሎቹ እግሮቿ ይልቅ ንጹሕ ነው፤ ታጥቧል። ሰኮናው መሀል ገለጥ ሳደርግ፣ ስር ስሩን፣ ወይንጠጅ ቀለም ቀርቷል። ቆዳው እያገገመ ነው። ሰው እየደበቀ ያክማታል ማለት ነው! ሦስተኛዋ ስለሆነ ነው። መኪና ላይ እንዳትወጣ ነው።

የጭምቷ ነገር በአንዴ ግልጽ አለልኝ። ወይዘሮ ከሄደች ጠዋት ጠዋት ያንን ሁሉ በግ የምትገፋ ማን ናት? ጭምቷ። መርፌ ማን አለው? ጭምቷ። ለራሷ ድካም ብላ የኔን ልፋት ጉድጓድ ከተተችው። ደሜ ፈላ።

ምሳ ላይ ነው የጠራኋት። እኛ ሾርባና ዳቦ ቀርቦልን ተቀምጠናል፤ አማቼ ከራስጌ፣ ባለቤቴ በጎን። ጭምቷ እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች። ግቢም አላልኳት። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ጎለትኩት።

“ይህ የወይዘሮ ወተት ነው። አልረጋም። ወይዘሮ ላስቲክ የላትም፣ ግን መርፌ ተወግታለች። ምን ትያለሽ?”

ጠርሙሱን አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለችና አማቼን አየቻቸው። ረጅም አስተያየት ነው ያየቻቸው፤ አንድ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው። አማቼ ዳቦ ይቆርሳሉ።

“እኔ አይደለሁም” አለች።

“ማን ነው ታዲያ? ቁልፉ ያለው ማን ጋ ነው?”

“እኔ ጋ ነው።”

“ሌላ ሰው ይወጋል?”

አሁንም ዓይኗ አማቼ ላይ ነው። ይሄኔ ትዕግሥቴ አለቀ። “እሳቸውን ምን ታያለሽ? እሳቸው አያድኑሽም!”

“አይ” አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፤ “አያድኑኝም።”

አማቼ ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነከሩት። ሲበሉ ግን አላየሁም፤ ዳቦው እዚያው ውስጥ ተበታተነ። ባለቤቴ እንደ ልማዱ አስታራቂ ሆኖ “እስከ ወር መጨረሻ ትቆይና…” ሲል ጭምቷ አላስጨረሰችውም። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠርሙሱ አጠገብ አስቀመጠችው።

“ነገ ጠዋት እወጣለሁ። እናቴን የምታነሳልኝ መኪና ብቻ ልፈልግ።”

ስትወጣ ልቤ ትንሽ ደንገጥ ብሎ ነበር፤ አልዋሽም። እኔ የጠበቅኩት ለቅሶና ልመና ነበር። ግን ቶሎ አጸናሁት፤ ሰው ካላጠፋ እንዲህ በቀላሉ ቁልፍ ያስረክባል? አልኩ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ፒክአፑ ግቢ ገባ። ሹፌሩና ባለቤቴ አሮጊቷን ከነፍራሻቸው ሊያወጡ ሄዱ። በጎች ግን የሰው ጣጣ አይገባቸውም፤ ጡታቸው ሞልቶ በሩ ላይ ይጮሃሉ። የሚያልብ የለም። እኔ ቦቲዬን አጠለቅኩ፤ አማቼም ሳልጠራቸው ካፖርታቸውን ደርበው መጥተው ከኔ ጎን ጉድጓዱ ውስጥ ቆሙ። ስንት ዘመናቸው ነው ማለብ ከተዉ! ፊታቸው ሊጥ መስሏል። ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

በሩን ከፈትኩ። ወይዘሮ ቀድማ ገባች። እንደ ወግ ከሆነ መድረኩን ይዛ እስከ መጨረሻው ሄዳ፣ መኖው ጋ ስትደርስ ነው የምትቆመው። ያን ቀን ግን መሀል ላይ፣ አማቼ ከቆሙበት ፊት ለፊት ስትደርስ፣ ቀጥ አለች። ከኋላዋ ያሉት ተገጫጭተው ቆሙ።

“ሂጂ” አሉ አማቼ በለሆሳስ።

አልሄደችም። አየቻቸው፤ ከዚያ የፊት ቀኝ እግሯን አንስታ ወደሳቸው ዘረጋችው። ማንም ሳይነካት። ይዛ ቆየች፤ ልክ ለሰላምታ እጁን እንደሚሰጥ ሰው።

“ሂጂ አልኩ እኮ!”

ወይ እሷ! እግሯን ሳታወርድ አንገቷን አስግጋ በአፍንጫዋ የካፖርታቸውን ኪስ ትጎረጉር ጀመር። ክው አልኩ። በግ በጤናዋ ለሰው እግሯን አትሰጥም፤ ለመያዝ እንኳ ስንት ትግል አለው። ይህን የምታደርገው የለመደች በግ ናት። በየቀኑ እግሯን ያነሳላት፣ ያጠበላት፣ ከዚያም አበጀሽ ብሎ ገብስ ያጎረሳት ሰው አለ።

ነውር ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን እጄን የአማቼ ኪስ ውስጥ ሰደድኩ። ገብስ አፈስኩ። ከገብሱ ጋር የመርፌ ክዳን ወጣ።

እሳቸው እጄን አላስጣሉም። ቆመው የተዘረጋውን የወይዘሮን እግር ያያሉ።

“ሦስተኛዋ ነበር” አሉ። “መድኃኒቱን ከከተማ ገዝቼ ነው። ከፍሪጁ አልነካሁም።” የኔ መስመር ትዝ አለኝ፤ የኔ ብልህ መስመር። “ሚስቴ በጡጦ ያሳደገቻት ናት፣ ልጄ። ወጥ ቤት ውስጥ። አንድ እሷ ቀርታኝ፣ በራሴ እጅ መኪና ላይ ልጫናት? ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ እንዴት ብዬ ‘የኔን ተዉልኝ’ ልበል?”

“አባባ! ሰው ሲባረር እያዩ ዳቦ ይቆርሳሉ?” ጮህኩ። እንዲህ ጮሄባቸው አላውቅም፤ ማንም ጮሆባቸው አያውቅም።

“እናገራለሁ እያልኩ ነበር። አፌ ተሳሰረ።” እንባቸው መጣ። “አንቺ ደግሞ ፋታ አልሰጠሽኝም።”

ይቺን የመጨረሻዋን ባይሉ ደስ ይለኝ ነበር።

ከጉድጓዱ ወጥቼ ሮጥኩ። ቦቲው ጭቃ ይዞ እየከበደኝ፣ እጄ ወተትና ገብስ እንደሆነ። አሮጊቷ ከፒክአፑ ኋላ ፍራሽ ላይ ናቸው፤ ነጭ ሻሻቸውን አስረው፣ ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው። አጠገባቸው ድስትና ፌስታሎች። ጭምቷ ጋቢናውን ከፍታ ልትገባ አንድ እግሯን አንስታለች።

“ውረጂ” አልኳት። “ውረጂና ግቢ። ተገኝቷል። አባባ ናቸው።”

“አውቃለሁ” አለች።

“ታውቂያለሽ? ከመቼ ጀምሮ?”

“ትናንት ምሳ ላይ፣ ጠርሙሱን ስታስቀምጪው ገባኝ። እናቴ በመስኮት ታያቸው ነበር። ከኔ ቀድመው፣ በየጠዋቱ፣ ወደ ጉረኖው ሲገቡ። ለበጓ ገብስ የሚሰጡ መስሎን ‘ባለቤታቸው ትዝ ብለዋቸው ነው’ እንባባል ነበር። መርፌ መሆኑን በየት እናውቃለን?”

“እና ለምን አልተናገርሽም? በሞትኩት! ‘እሳቸው ናቸው’ ማለት ምን ነበረበት?”

“እሳቸው ተቀምጠው? ራሳቸው ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ።” የጋቢናውን በር እንደያዘች ነው። “አንቺም ደግሞ እትዬ፣ ለበጎቹ ለያንዳንዳቸው ጠርሙስ ይዘሽ ዞርሽ። እኛን ግን ግድግዳ ለግድግዳ ሆነን ማን ጠየቀን?”

“ጠይቄሻለሁ እኮ! ‘ማን ነው’ አላልኩሽም?”

“ጠይቀሽኛል” አለች። “የጠየቅሽኝ ግን ፈርደሽ ከጨረስሽ በኋላ ነው።”

እኔ፣ ምላሴ ከኔ ቀድሞ የሚነቃው ሴትዮ፣ እጄን በቀሚሴ መጥረግ ያዝኩ። ባለቤቴ መሬት መሬቱን ያያል። ይሄኔ አማቼ ከማለቢያው ብቅ አሉ፤ ያለ ቆብ፣ ግድግዳውን እየተደገፉ። ፒክአፑ ጋ ሲደርሱ ለመንበርከክ ጎንበስ አሉ፣ ጭምቷ ግን ክንዳቸውን አፈፍ አድርጋ አቆመቻቸው።

“እረ አይገባም፣ አባባ። ጭቃ ነው።”

“ግቢልኝ፣ ልጄ። ክፍሉ ያንቺ ነው። ከፈለግሽ ሥራውን ተዪው፣ ክፍሉ ግን ያንቺ ነው።”

ለአፍታ ወደ ክፍሉ አየች። ያመነታች መሰለኝ። ከኋላ ግን አሮጊቷ፣ ድምፃቸውን ሰምቼው የማላውቀው ሴትዮ፣ ጥርት ባለ ድምፅ “እንሂድ፣ ልጄ” አሉ። “አንድ ጊዜ አንስታችሁኛል። መልሳችሁ አታውርዱኝ።”

ጭምቷ ጋቢና ገባች። በሩን ከዘጋች በኋላ መስታወቱን ዝቅ አደረገች፤ ለኔ መስሎኝ ጠጋ አልኩ። አማቼን ነበር የፈለገችው።

“የግራውንም እዩላት፣ አባባ። ሰሞኑን ወደዚያ ታደላ ነበር።”

ሄዱ።

ባለቤቴ ያሉበትን አጠያይቆ ሁለት ጊዜ ሄዶ ነበር። የእህቷ ቤት መተላለፊያ ላይ አልጋ ዘርግተዋል አሉ። በሁለተኛው ጊዜ ሻይ ሰጥታው፣ ስለ በጎቹ ጠይቃው፣ “አንመጣም፣ አትልፋ” ብላ ሸኘችው። እኔን አልጠየቀችም። እኔም አብሬው አልሄድኩም፤ ምን ብዬ?

አሁን ጠዋት ጠዋት የማልበው እኔ ነኝ። ወይዘሮ ቀይ ላስቲኳን አስራ አሁንም ቀድማ ትገባለች። ላስቲኩን ያሰሩላት አማቼ ናቸው፤ በሁላችን ፊት፣ በራሳቸው እጅ። የሥጋው መኪና ሲመጣም ሄደው በሩን ከፈቱ፣ ስሟን ሊጠሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ማንንም ሳያዩ ተመልሰው ቤት ገቡ። ሹፌሩ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። “ዛሬ የለም፣ ሂድ” አልኩት። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ሕግ የሚባል ነገር የሚያነሳ ሰው የለም። እግር በእግር ነው የምናየው፤ የግራውንም ጭምር።

ፎርማጆው ተመልሷል። ወተቱ በሰዓቱ ይኮመጥጣል፤ መደርደሪያው ሞልቷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

በቀደም አዲስ አላቢ ልታየው ትመጣለች ተብሎ ክፍሉን ልጠርግ ገባሁ። የአልጋው እግሮች ሊሾው ላይ አራት ክብ ምልክት ትተዋል። መጋረጃውን ይዘውት ስለሄዱ መስኮቱ ራቁቱን ነው። መጥረጊያውን እንደያዝኩ አሮጊቷ ይተኙበት ከነበረው ቦታ ላይ ቁጢጥ ብዬ ወደ ውጭ አየሁ። ሁሉም ይታያል። የጉረኖው በር፣ የገብሱ በርሜል፣ ወይዘሮ የምትተኛበት ጥግ፣ እኔ ሳጮልቅበት የነበረው የበር ስንጥቅ ሳይቀር። ከዚህ ሆነው እኔንም ያዩኝ ነበር ማለት ነው፤ በየቀኑ፣ ባልዲ ይዤ በመስኮታቸው ስር ሳልፍ። አንድም ቀን ያንን በር አንኳኩቼ አላውቅም።